ፎቶ በኢንተርኔት ለመሸጥ፦ ከከተማው ዳር ለሚጀምሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው በሚቀጥልበት። ከበረንዳዬ በአንድ ወገን የልብስ ማስጫ ገመድና የሳተላይት ሳህን፣ በሌላው ወገን በሬና ገበሬ ይታያል። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ፎቶዎቼን በስቶክ ድርጅቶች በኩል እየሸጥሁ ነው። ሀብታም አላደረገኝም፣ የኢንተርኔት ወጪዬን ሸፍኖ ግን ይተርፋል። ጎረቤቶቼና ፎቶ የሚወዱ ወጣቶች የሚያመላልሱብኝን ጥያቄ ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ስቶክ ፎቶ ማለት ምንድን ነው? ማንስ ይገዛዋል?

የሠርግ ፎቶ አንሺ ለአንድ ደንበኛ ያነሳል፣ አልበሙን ያስረክባል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። ስቶክ ላይ ግን ማንም ሳያዝዛችሁ አንስታችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ የሚፈልገው ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። የሚሸጠውም ፎቶው ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱ ነው። ቤት እንደማከራየት አድርጋችሁ አስቡት፤ ልዩነቱ አንዱን ቤት መቶ ተከራይ በአንድ ጊዜ ሊገባበት መቻሉ ነው። ገዢዎቹ የማስታወቂያ ድርጅቶች፣ የመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚዎች፣ ጋዜጦች፣ ዓመታዊ ሪፖርት የሚያዘጋጁ የእርዳታ ድርጅቶች፣ ድረ ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ፎቶውን ከእኛ ተቀብለው ከሚሸጡት ድርጅቶች መካከል ስማቸውን ደጋግማችሁ የምትሰሙት አራቱን ነው። አይስቶክ እ.ኤ.አ. በ2000 ካናዳ ውስጥ ተመሥርቶ በ2006 ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው ሌላ የፎቶ ድርጅት ገዛው። ሹተርስቶክ በ2003 ኒውዮርክ ተጀመረ። አዶቤ ስቶክ የመጣው አዶቤ በ2015 ፎቶሊያ የተባለውን ድርጅት ከጠቀለለ በኋላ ነው። አላሚ ደግሞ በ1999 የተቋቋመ የእንግሊዝ ድርጅት ነው።

ካሜራ የለኝም። በስልክ ይሆናል?

ይሆናል። አዶቤም ሹተርስቶክም የሚጠይቁት ዝቅተኛ መጠን 4 ሜጋፒክስል ነው፤ የዛሬ ስልክ ይህን በብዙ እጥፍ ያልፋል። ችግሩ ያለው ብርሃን ላይ ነው። ስልክ በጨለመ ቤት ውስጥ ሲያነሳ ምስሉን በጥቃቅን ነጠብጣብ ይሞላዋል፤ ነጠብጣቡን ለማጥፋት ሲሞክር ደግሞ የሰው ቆዳ እንደ ሰም ይሆናል። በስልኩ መስታወት ላይ አይታያችሁም፤ ፎቶውን ለመቀበል የሚመረምረው የድርጅቱ ገምጋሚ ግን አስፍቶ ያያል። እናንተም ከመላካችሁ በፊት በኮምፒውተር ላይ መቶ በመቶ አስፍታችሁ እዩት።

የስልክ ማጉያ አትጠቀሙ፤ በእግራችሁ ቅረቡ። የተዘጋጁ የማሳመሪያ ቀለሞችን ተዉአቸው። ሌንሱን በሸሚዝ ጫፍ ጥረጉ፤ የእኛ ሠፈር አቧራ ከየትም ይገባል።

ምን ባነሳ ይሸጥልኛል?

ጀማሪ ሁሉ የሚያነሳው የፀሐይ መጥለቅን ነው። እኔም ከበረንዳዬ ስንቱን አነሳሁ! ስቶክ ላይ ያለው የፀሐይ መጥለቅ ብዛት ግን የዓለምን ሕዝብ ሁሉ ያዳርሳል፤ የቱሉ ዲምቱዋ ፀሐይ ደግሞ ከሌላው አገር ፀሐይ የምትለይበት ነገር የላትም።

የሚሸጠው ለእናንተ ከመለመዱ የተነሳ የማይታያችሁ ነገር ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ቅዳሜ ከእኛ ብሎክ ጀርባ ባለው የጋራ ማብሰያ ቤት ጎረቤቴ ጤፍ በሰፌድ ስታበጥር አገኘኋት። መጀመሪያ ከውስጥ አነሳሁ፤ ጭስና ጨለማ ብቻ። ወንበሯን ወደ በሩ አንድ ክንድ ያህል እንድታስጠጋ ለመንኋት። ብርሃኑ ከጎን ገባ፣ የሰፌዱ ስፌት ተቆጠረ፣ ገለባው ወደ ላይ ሲነሳ አየር ላይ ብናኙ ታየ። ፊቷን ትቼ እጇን፣ ሰፌዱንና እህሉን ብቻ ያዝሁ፤ በስተግራ በኩል ጠቆር ያለውን ግድግዳ ባዶ ተውሁት። እስከ ዛሬ ካስገባኋቸው ሁሉ ብዙ ጊዜ የተሸጠው ያ ነው። ለምን? ጤፍ በውጭ አገር የሚበላ እህል ሆኗል፤ ስለ እሱ የሚጽፍ ሁሉ ሥዕል ይፈልጋል። ባዶው ግድግዳ ደግሞ ርዕስ ይጻፍበታል። ገዢ ሁልጊዜ ለጽሑፍ የሚሆን ቦታ ይፈልጋል፤ እኛ ጀማሪዎች ግን ክፈፉን እስከ ጥጉ ሞልተን እናቀርብለታለን።

የቡና ሥርዓት ይሸጣል፣ ግን ተነስቶ ተነስቶ አልቋል። ጀበናውን፣ ረከቦቱንና ቄጠማውን ከላይ ወደ ታች ከማንሳት የሲኒውን ጆሮ የያዙትን ጣቶች ማንሳት ይሻላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጎድሎ የማየው ተራው የሥራ ሕይወት ነው፦ ሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯ ፊት፣ ፋርማሲስቱ ከመደርደሪያው ጋር፣ ሱቅ በር ላይ በስልኳ የምትከፍል ሴት፣ የሕንፃ ብረት የሚያስር ወጣት፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ የልጅ ልጁን የሚያስጠና አያት። የእኛ ሰው በዓለም ገበያ ላይ ወይ በድርቅ ወይ በክብረ በዓል ብቻ ሲታይ ኖሯል፤ መሐሉ ባዶ ነው። የተራበ ሕፃን አንስቶ መሸጥን በተመለከተ የእኔ አቋም አንድ ነው፦ አላደርገውም፣ እናንተም አታድርጉት።

ከተማ ዳር መኖር እዚህ ላይ ይጠቅማል። መስከረም ላይ አደይ አበባ ማሳውን ዳር ዳሩን ያለብሰዋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃ ሆኖ በበጋ ሲሰነጣጠቅ ስለ አየር ንብረት ለሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። ሰዓቱን ግን ምረጡ። የምንኖረው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ከምድር ወገብም ብዙ አንርቅም፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ የሰውን ዓይን ጉድጓድ ታደርገዋለች። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ጠዋት፣ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ማታ ውጡ። በዚያ መሐል ጥላ ሥር ሥሩ።

ሰው ካነሳሁ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፣ በሁለት ሕግ። አንደኛው የራሳችን ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ምስል ባለምስሉ ሳይፈቅድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። በተከታዩ አንቀጽ የተቀመጡ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ሲሆን ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ሁነት ጋር ሲያያዝ። ማስታወቂያ ላይ የሚወጣን ፎቶ ግን እዚያ ውስጥ ለመክተት አትሞክሩ።

ሁለተኛው የድርጅቶቹ ደንብ ነው። ለንግድ የሚውል ፎቶ ላይ የሚታወቅ ሰው ካለ ሞዴል ሪሊዝ የሚባለው ቅጽ ተፈርሞ አብሮ መግባት አለበት። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። የምስክር መፈረሚያ ያለው ቅጽ ሲሆን አንሺውም ተነሺውም ምስክር መሆን አይችሉም፤ ሦስተኛ ሰው ጥሩ።

ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። ጎረቤቴን አንድ ጊዜ ፊቷንም ለማንሳት ስፈልግ ወረቀቱን ዝም ብዬ አላቀረብሁላትም። ቡና ላይ ተቀምጠን መስመር በመስመር ተረጎምሁላት፤ ፎቶዋን የማታውቀው ሰው በማታውቀው አገር ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ አንዴ ከተሸጠ መመለስ እንደማይቻል ነገርኋት። ትንሽ አሰበችና “መድኃኒት ላይ ቢለጥፉኝስ? ሰው ታማለች ይለኛል” አለችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ድርጅቶቹ ሰውን የሚያዋርድ አጠቃቀም ይከለክላሉ፣ እኔ ግን እያንዳንዱን ገዢ ቆሜ ልጠብቅላት አልችልም፤ ይህንኑ ነገርኋት። ለእጇ ፈረመች፣ ለፊቷ አልፈረመችም። ገንዘቡን ለብቻዬ እንዳልበላ ለተነሡልኝ ሰዎች ወዲያው በእጃቸው የተወሰነ እሰጣለሁ፤ “ሲሸጥ እሰጥሃለሁ” ማለት ዓመት የሚቆይ ዕዳ ነው።

ሰው የሌለበት ፎቶዬ ለምን ተመለሰብኝ?

አብዛኛውን ጊዜ አርማ ስላለበት ነው። በአንድ ወቅት አንድ ሙሉ ቀን የፈጀሁበት የገበያ ፎቶ ጥግ ላይ ባለች የቢራ ሳጥን ምክንያት ተመለሰብኝ። ከዚያ ወዲህ መዝጊያውን ከመጫኔ በፊት ዙሪያውን በዓይኔ እቃኛለሁ፦ የተጻፈበት ጆንያ፣ የዱቄት ከረጢት፣ የእግር ኳስ ቡድን ማሊያ፣ የስልኩ ጀርባ፣ የሚኒባሱ ግንባር፣ የመኪና ሰሌዳ። የሚነሳውን አነሳለሁ፤ የማይነሳውን ኋላ በኮምፒውተር አጠፋለሁ። የሌላ ሰው ሥዕል፣ ሐውልትና የግድግዳ ቅብም የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። የአንድን ሰው ቤት ወይም ሆቴል ከውስጥ ስታነሱ የንብረት ፈቃድ ቅጽ አስፈርሙ።

የተቀረው ምክንያት የጥራት ጉድለት ነው፦ ትኩረቱ ያረፈው በተሳሳተ ቦታ፣ የተዛባ ቀለም፣ ነጠብጣብ። ተመልሶ ሲመጣ አትከራከሩ፤ አስተካክላችሁ ወይም ሌላ አንስታችሁ ላኩ።

ጥምቀትና ደመራ ላይ ሺህ ሰው ማስፈረም አይቻልም። እነዚያስ አይሸጡም?

ይሸጣሉ፣ ኤዲቶሪያል በሚባለው ክፍል። እነዚህ ለዘገባና ለትምህርት እንጂ ለማስታወቂያ አይውሉም፤ ስለዚህ ፈቃድም አርማ ማጥፋትም አያስፈልጋቸውም። እንዲያውም በኮምፒውተር ማንኛውንም ነገር ማጥፋትና መጨመር ክልክል ነው። ሹተርስቶክና አላሚ ይቀበላሉ።

መግለጫው ግን ሥርዓት አለው፦ ከተማ፣ አገር፣ ቀን፣ ከዚያ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሆነው ነገር። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ እኛ የምንሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ነው። ደመራም እንዲሁ ከሴፕቴምበር 26 ወደ 27 ይሄዳል። የካሜራውን ቀንና ሰዓት አስተካክላችሁ ብትወጡ ከዚህ ሁሉ ስሌት ትድናላችሁ።

ወታደር፣ የጥበቃ ሠራተኛ የቆመበት ተቋምና የመንግሥት ግቢ ላይ ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ድሮን ያላችሁ ደግሞ ፈቃድ ሳታወጡ አታስነሱት።

ርዕስና ቁልፍ ቃል በአማርኛ መጻፍ ይቻላል?

በእንግሊዝኛ ጻፉ። ገዢው የሚያገኛችሁ በቃል ፈልጎ ነው፤ ያላስገባችሁት ቃል ሁሉ የተዘጋ በር ነው። ሹተርስቶክ እስከ 50፣ አዶቤ እስከ 49 ቁልፍ ቃላት ይቀበላሉ፤ አዶቤ ላይ የመጀመሪያዎቹ 10 ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ስላላቸው ዋና ዋናዎቹን ወደ ፊት አምጡ።

ለእንጀራ ፎቶ “እንጀራ” የሚለውን ቃል ብቻ በላቲን ፊደል ጽፋችሁ አትሂዱ። ስሙን የማያውቅ ገዢ “ጠፍጣፋ ቂጣ”፣ “የአፍሪካ ምግብ”፣ “ከግሉተን ነፃ” እያለ ነው በእንግሊዝኛ የሚፈልገው። ስለ ጤፍ ደግሞ ሁለቱንም አጻጻፍ፣ በአንድም በሁለትም “ፍ” የሚጻፈውን፣ አስገቡ። የሌለ ነገር ግን አትጨምሩ፤ ለሰፌድ ፎቶ “አንበሳ” ብሎ የሚጽፍ ሰው አንበሳ ፈላጊውን ከማናደድ በቀር የሚያተርፈው የለም።

አንዱን ፎቶ ለብዙ ድርጅት መስጠት ይቻላል? የእኔነቱስ?

ለአንድ ብቻ ልትሰጡ ካልተዋዋላችሁ ይቻላል፤ ለጀማሪም የምመክረው ይህንኑ ነው። ፎቶው የእናንተ ሆኖ ይቀጥላል። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል፤ የጥበቃው ዘመን ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ለደንበኛ ተከፍሏችሁ ያነሳችሁትን የሠርግ ፎቶ ግን አታስገቡ።

አላሚ ላይ ስትጀምሩ ለፈተና 3 ፎቶ ትልካላችሁ፤ አንዱ ከወደቀ ሦስቱም ይወድቃሉ። የምትኮሩበትን ሳይሆን ነውር የማይወጣለትን ላኩ።

ገንዘቡ እንዴት እጄ ይገባል?

ከሁሉ አስቀድማችሁ መመለስ ያለባችሁ ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ያነሳዋል። ሁለት መቶ ፎቶ አስገብቶ፣ ሸጦ፣ መቀበያ ያጣ ልጅ አውቃለሁ።

ፔይፓል በኢትዮጵያ አድራሻ ለሚከፈት ሒሳብ ገንዘብ መላክን እንጂ መቀበልን አይፈቅድም። ብዙዎች ፔዮነር ወደሚባለው ሌላ የገንዘብ መቀበያ አገልግሎት የሚሄዱት ለዚህ ነው። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ አንዲት ፎቶ ከመጫናችሁ በፊት የመቀበያ ሒሳቡን ከፍታችሁ፣ አገራችን በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩንና ወደ ባንካችሁ ማውጣት መቻላችሁን አረጋግጡ። በውጭ አገር ዘመድ ስም መቀበል ቀላል መስሎ ይታያል፤ የሻጩ ስም፣ የቀረጥ ቅጹና የሒሳቡ ስም ሲለያዩ ግን ክፍያው ይታገዳል፣ ዘመድም ይቀየማል።

ስለ ስም ካነሣን፦ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ድርጅቶቹ ደግሞ ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ስም ቦታ የአባታችሁን ስም ጻፉ፤ የጻፋችሁትን አትቀያይሩ። ፓስፖርት ላይ “ጽጌ” በአንድ ዓይነት፣ ባንክ ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ከተጻፈ ለእነሱ ሁለት ሰው ናችሁ። መታወቂያው በላቲን ፊደልም የተጻፈ መሆን ስላለበት ፓስፖርት ወይም የፋይዳ መታወቂያ ይሻላል።

የአሜሪካ ድርጅቶች ደብልዩ-8 ቤን የሚባል የቀረጥ ቅጽ ያስሞላሉ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የተደራራቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት አሜሪካ ውስጥ ላለ ገዢ ከተሸጠው ላይ 30 በመቶ ይቀነሳል፤ ለሌላ አገር ገዢ ከተሸጠው ላይ አይቀነስም። ስትመዘገቡ የመኖሪያ አገራችሁን በትክክል ሙሉ።

ስንት አገኛለሁ?

በመጀመሪያው ዓመት ብዙም አትጠብቁ። አዶቤ ከፎቶ ሽያጭ 33 በመቶ ለአንሺው ይሰጣል። ሹተርስቶክ ከ15 በመቶ ተነስቶ እስከ 40 ይደርሳል፤ ብዙ በሸጣችሁ ቁጥር ደረጃችሁ ያድጋል፣ ግን በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ሁሉም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እዚያ ገዢ ፎቶውን አንድ ጊዜ ሲያወርድ የሚከፈላችሁ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ሊሆን ይችላል። አዶቤ የሚከፍለው 25 ዶላር ሲሞላ ነው፤ የመጀመሪያ ሽያጫችሁም 45 ቀን ማለፍ አለበት። ወር ሙሉ ስልኬን እየከፈትሁ አንድ ዶላር ከሰላሳ ያየሁበት ጊዜ ነበር።

ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያችው ዶላር በብር ስትመነዘር ወፈር ብላለች። ቢሆንም ሥራ ለቃችሁ አትግቡበት። ጥቂት መቶ ጥሩ ፎቶ እስኪኖራችሁ ድረስ በየሳምንቱ አሥር አሥር ጨምሩ፤ አንዱን ጀበና ከሃያ አቅጣጫ አንስቶ ሃያ ፎቶ ማለት ግን አይሠራም፤ ተመሳሳይ ብለው ይመልሱታል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስልስ?

አዶቤ ምልክት ተደርጎበት ሲገባ ይቀበላል፤ ጌቲና አይስቶክ ከ2022 ጀምሮ ከልክለዋል፣ ሹተርስቶክም ከሻጮች አይቀበልም። በእኔ እይታ እዚህ ለምንኖር ይህ መሣሪያ ብዙ አያሰጋም። አንድ ጊዜ “ቡና የምታፈላ ኢትዮጵያዊት” ብዬ አሠራሁት፤ ጀበናው ሁለት ጆሮ ነበረው፣ ሲኒው የሾርባ ሳህን ያክል ነበር። እናንተ የጀበናን ጆሮ መቁጠር አያስፈልጋችሁም።

መብራትና ኢንተርኔቱ ያስቸግራል። እንዴት ነው የምትልከው?

በማታ ጥቅል፣ ሌሊት። ቀን ርዕሱንና ቁልፍ ቃሉን ያለ ኢንተርኔት በፎቶው ፋይል ውስጥ ጽፌ እጨርሳለሁ፤ ሌሊት የምጭነው ብቻ ይሆናል። መብራት በመሐል ቢጠፋ የቀረውን በማግሥቱ እቀጥላለሁ። ዋናውን ፎቶ በሁለት ዲስክ አስቀምጡ፤ ሁለተኛው ከቤት ውጪ ይሁን። የእኔው ሳሪስ እህቴ ዘንድ፣ ቁምሳጥን ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ምሳ ልበላ ስሄድ አዲሱን እገለብጥበታለሁ።